የመርፌው ቀጠሮ ኮሮና እስኪያልፍ አይጠብቅም

በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ገና ጥቂት ወራችን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ነጭ ጋዋን የለበሱ ሁለት ወጣቶች በራችንን አንኳኩ። ትኩሳት ያለበት ሰው አለ? የሚያስለው አለ? ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ አለ? ብለው ጠየቁን። ግንባራችንን ለኩ፣ መዝገባቸው ላይ ጻፉና ወደሚቀጥለው በር አለፉ። አምስት ደቂቃም አልፈጀባቸው።

የሚቀጥለው በር የጎረቤቴ ነው። እዚያም ያንኑ ጠይቀው ሄዱ። ጎረቤቴ ግን በዚያው ሳምንት የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌዋ ቀን ደርሶባት ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ በር ላይ ያለው ጥበቃ «አስቸኳይ ካልሆነ ባትገቡ ይሻላል» ብሎ መልሷታል። እሷም ፈራች። ጨቅላ ልጅ ታቅፋ በሽታ ይዛ እንዳትመለስ ሰጋች። ሚያዝያ አለፈ፣ ሐምሌም አለፈ። ጥምቀት ሲደርስ ሆዷ ገፍቶ ነበር። አራተኛዋ ልጅ ናት። ጎረቤቴ ልጇን ትወዳታለች፣ ይህን ማንም እንዳይጠራጠር። ያኔ ግን አልፈለገችም ነበር። መርፌ ትወጋ የነበረውም ለዚሁ ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ የተንኳኳው በር ነው። መንግሥት ባለሙያ መድቦ፣ መዝገብ አስይዞ እደጃፏ ድረስ ልኮላታል። የጎደለው «የመከላከያሽ ቀን መቼ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ከተነገረ በኋላ ነገሩ ሁሉ በፍጥነት ነበር የሄደው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ስልክ ስንደውል እንኳ ከጥሪው በፊት የምንሰማው እጃችሁን ታጠቡ የሚለውን ነበር። ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ተደርጎ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ከከተማው ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ቆዩ መባሉ ትክክል ነበር። ግን «ለዚህ ለዚህ ግን ውጡ» የሚል ነገር አብሮት አልመጣም። ቢመጣም እኛ ሰፈር አልደረሰም።

መርፌውን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት መሠረት፣ ካገቡት ሴቶች 41 በመቶ ያህሉ ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ ይጠቀማሉ። ካገቡት ሴቶች 27 በመቶዎቹ የሚጠቀሙት መርፌ ነው። ከተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ በየሦስት ወሩ ከቤት መውጣት አለባቸው ማለት ነው። ብዙ ሴት መርፌን የምትመርጠው ደግሞ ስለማይታይ ነው። እንደ ኪኒን ትራስ ሥር አይገኝም። እንደሚቀበረውም ክንድ ላይ አይዳሰስም። ኮሮና ሲመጣ ግን ባልም፣ ልጆችም፣ አማትም ቤት ዋሉ። ያ ምስጢር መደበቂያ አጣ።

ስለዚህ «በስልክ መልእክት እንላክላቸው» ሲባል ደስ አይለኝም። የማን ስልክ ላይ? ብዙ ቤት ያለው ደህና ስልክ የባል ነው፤ ወይም ልጆች እንማርበታለን ብለው ወስደውታል። «የእርግዝና መከላከያ ቀጠሮዎ ደርሷል» የሚል መልእክት ባል እጅ ቢገባ በአንዳንድ ቤት ጠብ ያስነሳል። ሁሉም ባል እንዲህ ነው አላልኩም፣ ቀኑን ራሱ የሚያስታውስም አለ። ግን መልእክቱ ከመላኩ በፊት ሴትየዋ ትጠየቅ። በማን ስልክ ብንደውልልሽ ይሻላል? ምን ብለን? ካርዷ ጀርባ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ነው።

ሌላው ነገር ወሬው የሚተላለፍበት ቦታ ነው። ድሮ የሠፈር ሴት ቡና ላይ ትማከራለች፣ ዕድርም አለ። እኛ ጋ ግን ሰው ከየአቅጣጫው በዕጣ የመጣ ነው፣ ግማሹ ተከራይ ነው፣ ገና አልተዋወቀም። የነበረችውን ቡናም ኮሮና አስቀረቻት። ያልቀረው የውኃ ወረፋ ነው። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲጠፋ ቦቴ ይመጣል። ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ተራርቀው ቆመው ይውላሉ። ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ሱቅ፣ ፋርማሲ አልተዘጋም። መነገር የነበረበት እዚያ ነው።

ምን ተብሎ? ጎረቤቴ ቀኗ ካለፈ በኋላ ብትሄድ እንደሚቆጧትና እንደሚመልሷት ነበር የምታስበው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን የሦስት ወሩ መርፌ ከቀጠሮው እስከ አራት ሳምንት ቢዘገይም ያለ ተጨማሪ ነገር ሊወጋ ይችላል ይላል። አራት ሳምንት! ይህን ብታውቅ ያን ጥበቃ በሌላ ቀን ትሞክረው ነበር። ከዚያ ካለፈም እርጉዝ አለመሆኗ ተረጋግጦ ትወጋለች፣ ለአንድ ሳምንት ኮንዶም ትጨምራለች። ኪኒን የምትወስድ የብዙ ወር በአንዴ ይሰጣት። ያለ መከላከያ ከተደረገ ግንኙነት በኋላ የሚወሰደው ፖስት ፒል እስከ አምስት ቀን ይሠራል፣ ቶሎ ሲወሰድ ግን ይበልጣል። ሴቶች በቂ ሥልጠና አግኝተው ራሳቸውን የሚወጉት ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌም አለ። ድርጅቱ ይህንን አማራጭ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግፎታል፣ ከኮሮና በፊት ማለት ነው። ለዳር ሰፈር ከዚህ የተሻለ ነገር አይታየኝም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያኔ ምን ያህል እንደተጨናነቁ አውቃለሁ። ማስክ እንኳ በወጉ ሳይኖራቸው ነው በየቤቱ የዞሩት። ሌላ ዘመቻ ይጫንባቸው አላልኩም። ያው በር ነው፣ ያው መዝገብ ነው። ባልና አማት ፊት እንዴት ይጠየቃል ለሚለኝ፣ አንዲት የማውቃት ባለሙያ የነገረችኝን ልንገራችሁ። «የሕፃኑን የክትባት ካርድ አሳዪኝ እላታለሁ» አለችኝ። እናት ካርዱን ልታመጣ ትነሳለች፣ እሷም ተከትላ ጓዳ ትገባለች። የልጁን ክትባት ታያለች፣ የእናትየውንም ቀን ትጠይቃለች።

ይህ በሌላ አገርም ደርሷል። ሴራሊዮን ኢቦላ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ብዙ ልጃገረዶች አረገዙ። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ነፍሰ ጡሮቹ ክፍል እንዳይገቡ ተከለከሉ። ክልከላው የተሻረው በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ነው፣ እኛ ጋ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወር። ይህን ሳስብ ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሠሩት፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩት ልጃገረዶች ትዝ ይሉኛል። እነሱ ምንም ካርድ የላቸውም፤ በራቸውን ያንኳኳ ሰው የሚያናግረው አሠሪያቸውን ነው።

ወረርሽኝ አንዴ መጥቶ የሚቀር ነገር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የዝንጀሮ ፈንጣጣ ሞያሌ ላይ ተገኝቷል። የቤት ለቤት ልየታው ቅጽ እንደገና ከመታተሙ በፊት ያቺ አንድ ጥያቄ ትግባበት።

ጎረቤቴ አሁን በክንዷ የሚቀበረውን ነው የምትጠቀመው። ያስገባችላት ነርስ የማውጫውን ቀን ካርዱ ላይ ጽፋ፣ በማን ስልክ ልደውልልሽ ብላ ጠይቃታለች። የሰጠችው የእኔን ቁጥር ነው።