የጃፓን ነገረ ፈጅ የኩባንያውን ጥፋት ወደ ውጭ ያውጣ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ በጃፓን ኩባንያ ተቀጥሮ የሚሠራ ጠበቃ፣ አለቆቹ ሕግ ሊጥሱ መሆኑን አውቆ፣ ውስጥ ተናግሮ ሰሚ ካጣ፣ ለመንግሥት አካል የማሳወቅ መብት ይኑረው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች ናቸው።)

ደጋፊ፦ የጃፓን ጠበቆች ከ2005 ጀምሮ የሚመሩበት የሥነ ምግባር ደንብ አንቀጽ 51 አለው። ነገረ ፈጁ በድርጅቱ ውስጥ ሕግ ሊጣስ መሆኑን ካወቀ ዝም ማለት አይችልም። ለራሱ ለአጥፊው፣ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ለዋናው አለቃ ወይም ለቦርዱ መንገር አለበት። መንገዱ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ያልቃል።

ታዲያ ቦርዱ ራሱ የችግሩ አካል ሲሆን አቤት የሚባለው ለማን ነው? የካሜራና የሕክምና መሣሪያ አምራቹ የጃፓን ኩባንያ ኦሊምፐስ ከ100 ቢሊዮን የን በላይ ኪሳራ ለዓመታት ደብቆ ኖሯል። ፕሬዚዳንቱ ማይክል ዉድፎርድ ስለ አጠራጣሪ ክፍያዎች ሲጠይቅ፣ ቦርዱ በኦክቶበር 2011 ከሥልጣን አነሳው። ጉዳዩ ዓለምን ያዳረሰው ወደ ጋዜጠኞች ስለሄደ ነው። ፕሬዚዳንቱን ያልሰማ ቦርድ ደመወዝተኛ ጠበቃውን ይሰማል?

ተቃዋሚ፦ ወዳጄ፣ ዉድፎርድ ጠበቃ አልነበረም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጠበቃ ብዙውን ነገር የሚያውቀው ሰዎች አምነው ስለሚነግሩት ነው። የጃፓን የጠበቆች ሕግ አንቀጽ 23 ሚስጥር መጠበቅን መብትም ግዴታም አድርጎታል። ያለ በቂ ምክንያት ሚስጥር ያወጣ ጠበቃ በወንጀል ሕጉ እስከ 6 ወር ሊታሰር ይችላል።

ደግሞ ጃፓን አሜሪካ አይደለችም። አሜሪካ ውስጥ ደንበኛ ከጠበቃው ጋር የተማከረውን መርማሪ እንዳያይበት ሰፊ ከለላ አለው። ጃፓን ውስጥ እንዲህ ያለ አጠቃላይ ከለላ የለም። በ2020 መጨረሻ አንድ ጠባብ በር ተከፈተ፤ እሱም ለካርቴል፣ ማለትም ኩባንያዎች ተመሳጥረው ውድድርን ለሚያፍኑበት ጥፋት፣ ምርመራ ነው፣ ነገረ ፈጁንም በመሠረቱ አያቅፍም። ሥራ አስኪያጁ አሁንም እየፈራ ነው የሚያማክረው። ጠበቃው ነገ ሊጠቁምብኝ ይችላል ብሎ ካሰበ፣ አጠራጣሪውን ውል ሳይፈርም በፊት አምጥቶ አያሳየውም። በአንድ ምክር ሊቆም የሚችለው ጥፋት እንዲሁ ያልፋል። ይህ ጋዜጣ ላይ ስለማይወጣ ማንም አይቆጥረውም፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን እሱ ነው።

ደጋፊ፦ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ግን ሚስጥሩ የማን ነው? የነገረ ፈጁ ደንበኛ ኩባንያው እንጂ ሥራ አስኪያጁ አይደለም። አለቃው ኩባንያውን ሲጎዳ ዝም ያለ ጠበቃ ደንበኛውን ከድቷል። የአሜሪካ ጠበቆች ማህበርም በሂሳብ ማጭበርበር የታወቀው የአሜሪካ ኩባንያ ኤንሮን ከወደቀ በኋላ፣ በ2003፣ ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ በሞዴል ደንቡ በር ከፍቷል። የላይኛው አካል ግልጽ የሆነ ሕግ ጥሰት አላቆም ካለ፣ ኩባንያውም ከባድ ጉዳት ላይ መውደቁ የማይቀር ከሆነ፣ ጠበቃው ወደ ውጭ መናገር ይችላል። ይገደዳል አልተባለም፤ እኔም ከዚህ የበለጠ አልጠየቅሁም።

የውስጥ ጥቆማ ምን እንደሚያመጣም አይተናል። አንድ የኦሊምፐስ ሠራተኛ በውስጥ መስመር ጠቆመ። ማንነቱ አለቃው ጆሮ ደረሰ፣ ከቦታው ተነሳ። በፍርድ ቤት የረታው ከዓመታት ሙግት በኋላ ነው።

ተቃዋሚ፦ ያ ሠራተኛ ተበድሏል፤ በዚህ አንጣላም። ለዚህም ነው የጠቋሚዎች ጥበቃ ሕጉ የተሻሻለው። ከ2022 ጀምሮ ከ300 በላይ ሠራተኛ ያለው ኩባንያ የጥቆማ ሥርዓት የመዘርጋት ግዴታ አለበት። ጥቆማ ተቀባዩ የጠቋሚውን ማንነት ካወጣ በወንጀል ይቀጣል። ይህን እናጠንክር። ለነገረ ፈጁም ሥራ አስኪያጁን ዘሎ ለተቆጣጣሪ ኦዲተሮች (የአለቆቹን ሥራ ለሚከታተሉ የኩባንያው ሹሞች) እና ለውጭ ዳይሬክተሮች (ከኩባንያው ሠራተኞች ውጭ ለሆኑ የቦርድ አባላት) የመናገር መብት እንስጠው። አሁንም ካልሰሙት ሥራውን ይልቀቅ።

ደጋፊ፦ ኦሊምፐስ ውስጥ እኮ ይህ አይሠራም ነበር። በ2013 በቶኪዮ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ከተባሉት ሦስት ሰዎች አንዱ የቀድሞው የኩባንያው ተቆጣጣሪ ኦዲተር ነው።