ቤት ነህ አይደል?

ሥራ ስትለቅ ሕጉ ለቀጣሪህ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጥ ይላል። ለእናት ስንት ቀን እንደሚሰጥ ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝም ብሏል። ስለዚህ እማዬ የሰማችው ከሰፈር ነው። «ተባረርክ?» አለችኝ። ኧረ ራሴ ለቅቄ ነው፣ በግሌ ልሠራ ነው አልኳት። «እሺ ይሁን፣ ግን ለምን አባረሩህ?»

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ፣ መኝታ ቤቴ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ዘርግቼ የሱቅና የምግብ ቤት ሒሳብ እሠራለሁ። ቲን ነምበር አለኝ፣ ንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ደንበኛም አለኝ። ሰፈራችን ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ያልተመለሰ ሰው ሥራ አለው ብሎ አያምንም። ቢሮ ገብቶ ሻይ ሲጠጣና ፌስቡክ ሲጎረጉር የዋለው «ከሥራ መጣ፣ አትረብሹት» ይባላል። እኔ ግን የስድስት ወር ደረሰኝ ስደምር ውዬ ወገቤን ይዤ ብነሳ «ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ምን አደከመህ?» ነው።

ከዚያ ስልኩ አለ። ሁሉም የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ቤት ነህ አይደል?» አዎ ካልክ አለቀልህ። ቆጣሪ አንባቢው ሊመጣ ነው፣ በር ክፈትለት። ልጁን ከትምህርት ቤት አምጣልኝ። አማቴ መናኸሪያ ደርሳለች፣ ሻንጣ አላት። የእድራችን ዳኛ ጋሼማ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ድንኳን መትከል ሲኖር «ሠራተኞቹ ማታ ይደርሳሉ፣ አንተ አሁን ና» ይሉኛል። አንድ አለቃ ሸሽቼ ሰፈር ሙሉ አለቃ ተሾመብኝ።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ጉድ ነው። ነጋዴው ሁሉ ግብሩን ሊያሳውቅ የሚራወጥበት፣ የእኔም እንጀራ የሚጋገርበት ጊዜ ያኔ ነው። ልክ በዚያው ወር፣ በ19፣ ገብርኤል ይነግሣል። እንግዳ ይጎርፋል፤ ሀዋሳ የመጣ ሰው ደግሞ ተሳልሞ ብቻ አይመለስም፣ ፍቅር ሐይቅ ጀልባ አለ፣ አሞራ ገደል አሣ አለ። ማን ይዟቸው ይሂድ? መቼም ወንድሜ ሥራ አለው! አክስቴን አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ የሐይቅ ዳር ወፍ ጋር ፎቶ እያነሳሁ፣ በዚያው ስልክ ለአንድ ባለሱቅ «የወጪ ደረሰኙን የት ጣልከው?» ብዬ የጮህኩበት ቀን አለ። ወፉም አክስቴም ደነገጡ።

ገንዘቡስ? ተቀጥሬ ሳለሁ ለጡረታ ከደመወዜ 7 በመቶ ሲቆረጥ ድርጅቱ 11 በመቶ ይጨምርልኝ ነበር። አሁን የሚቆርጥብኝም የሚጨምርልኝም የለም። ደንበኛ «ነገ ጠዋት አስገባልሃለሁ» ይላል፤ እኔም የባንኩን መልእክት፣ የአሣ አንጀት እስኪጣልለት አንገቱን ቀብሮ እንደሚቆመው አባ ኮዳ እጠብቃለሁ። ደፍሬ ስጠይቀው «ምነው ወንድሜ፣ እንተዋወቅ የለ እንዴ?» ይለኛል። እንተዋወቃለን፤ በደንብ ያስተዋወቀን እኮ ያልከፈለኝ ገንዘብ ነው። የዓመት ፈቃድም የለኝም፣ ሰፈሩን ከጠየቃችሁ ግን ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ ላይ ነኝ።

ሲሰለቸኝ ዘዴ ፈጠርኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሸሚዜን እለብሳለሁ፣ ቦርሳ አነግታለሁ፣ የድሮ መታወቂያዬን ማንጠልጠያ አንገቴ ላይ አደርጋለሁ (መታወቂያውን መልሻለሁ፣ ክሩን የጠየቀኝ የለም፤ ጫፉን ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ)። በባጃጅ ፒያሳ ሄጄ አንድ ካፌ ጥግ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ በአንድ ማኪያቶ እስከ ምሳ፣ የአስተናጋጇን ዓይን እየሸሸሁ እሠራለሁ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትከሻዬን ጣል አድርጌ እመለሳለሁ። ስልኩ ጸጥ አለ። እማዬ «ልጄ ከሥራ መምጣቱ ነው» ማለት ጀመረች፣ ያውም ድምጿን ከፍ አድርጋ። ጋሼም «አንተ ማታ ብትደርስ ይበቃል» አሉኝ።

ትናንት ከጎን ያሉት እትዬ ቤት ድረስ መጡ። «እሰይ የኔ ልጅ፣ ሥራ ጀመርክ አሉ፣ ስንጸልይልህ ነበር» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ቡና ተፈላ። አቦሉን ጠጥተው ቶናው ላይ ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«ያ ልጄ እኮ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ነው፣ ተመስገን። ዋስ አምጣ ብለውታል። አንተ ምንም አትደክምም፣ ከመሥሪያ ቤትህ የደመወዝህን ደብዳቤ ብቻ ነው የምታጽፍለት።»