ጣቢያው ደርሷል፤ ባቡሩ መንገድ ላይ ነው

ደብረ ብርሃን ላይ አረቄው ሁለተኛው መለኪያ ላይ ሲደርስ «ባቡሩ ለምንድን ነው እኛን የዘለለን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ሁልጊዜ ፖለቲካ ነው፤ ጣርማ በርን የሚወቅስ የለም። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋሮቢት የሚያወርደው ተራራ፣ ጣርማ በር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጧል፤ ታች ያለው ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ባቡር ደግሞ እንደ አይሱዙ አይደለም፣ በ100 ሜትር ጉዞ 2 ሜትር ሽቅብ ሲሉት ያምጣል። ያን ገደል በዚህ ልክ ለመውጣት ሐዲዱ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በተራራው ወገብ ላይ መጠምዘዝ አለበት። ሦስተኛው መለኪያ ሲቀዳ ስሌቱ ይረሳና ፖለቲካው ካቆመበት ይቀጥላል።

ስለዚህ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ቆላ ቆላውን ይዞ በሸዋሮቢት በኩል አለፈ። ሐዲዱ ከተነጠፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ መንገደኛው ግን ዛሬም መናኸሪያ ገብቶ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እየተባለ ሌላ ስምንት ሰው ሲጠብቅ ይውላል። ባቡሩን የቀደመው የመሬት ደላላው ነው። «ለጣቢያው ቅርብ» ይላል። ቅርብ በደላላ አፍ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ባጃጁ ካልተበላሸ።

የጣቢያ አካባቢ ልማት ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው ለገሃርን ነው። ለገሃር በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ብቻ ነው፤ እኛ እንዳያዳግም «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» እንለዋለን፣ ጣቢያው ጣቢያ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን የሚታወቀው ሕንጻ የተመረቀው በ1922 ነው። ጣቢያ ያለበትን ሰፈር ሰፈር የሚያደርገው ግን ሕንጻው ሳይሆን ባቡር መጠበቁ ነው። ባቡር ይዘገያል፣ የሚጠብቅ ሰው ይርበዋል፣ የበላ መኝታ ያምረዋል፣ ሲነሳ ዕቃውን የሚሸከምለት ይፈልጋል። አዲሱ የጅቡቲ መስመር በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከተማው ዳር ለቡ ላይ ሆነ፤ የሐዲዱም ስፋት ከ1 ሜትር ወደ 1.435 ሜትር ስለተለወጠ አዲሱ ባቡር «ለገሃርን ልሳለም» ቢል እንኳ መንኮራኩሩ እሺ አይለውም። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. የ36 ሄክታሩ የለገሃር ልማት ይፋ ሆነ። ባቡሩ ከሄደ በኋላ መሬቱ ተወደደ ማለት ነው፤ ደላላው ከዚህ ታሪክ ያነበበው ባቡር ለመሬት ዋጋ የግድ እንዳልሆነ ነው። በዚያ ዕቅድ ውስጥ 1,600 ያህል ነባር አባወራዎች እዚያው ግቢ ቤት እንዲሠራላቸው የሚልም ነበረበት። ዕቅድ ከከተማ ወደ ከተማ ሲኮረጅ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህን የመሰለው መስመር ነው፤ የአደባባዩ ፏፏቴ ግን አይዘለልም።

ሸዋሮቢት ጣቢያ ፊት ወዳለው አደባባይ እንውረድ። የንጣፍ ሥራ ቅደም ተከተሉ አይከብድም። የውሃው ቧንቧ፣ የፍሳሹ ቱቦ፣ የመብራትና የስልክ ገመድ ማሳለፊያው አስቀድሞ ይቀበራል። ከርቭስቶኑ፣ የጠርዙ ድንጋይ፣ ይቆማል። ሰሌክቱ፣ ተመርጦ የመጣው የሙሌት አፈር፣ ተደልድሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በሮለር ይጠቀጠቃል። 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይበተንበታል፣ በላዩ 10 በ10 ሆኖ የተጠረበው ኮብልስቶን ይደረደራል፤ ዝናቡ ወደ ዲቹ እንዲወርድ ለአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ይተውለታል። በተግባር የሚቀድመው ምርቃቱ ነው። ሪባኑ በተቆረጠ በሳምንቱ የውሃ ሰዎች አካፋ ይዘው ይመጣሉ፤ ቧንቧቸው ታች ቀርቷል። ቆፍረው፣ ቀጥለው፣ አፈሩን ሳይጠቀጥቁ መልሰው ድንጋዩን ይደረድራሉ። በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ አምስት ስድስት ድንጋይ ይተርፋል። ከዚያው ጉድጓድ የወጣ ድንጋይ እዚያው ሲመለስ የሚተርፈው፣ ጉድጓዱ ሲከፈት ዳርና ዳር ያለው ንጣፍ ስለሚንሸራተትና ክፍተቱ ስለሚጠብብ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ግን ጎል ምልክት እንዲሆናቸው የተተወ ይመስላቸዋል። ሐምሌ ሲገባ ያልተጠቀጠቀው አፈር ይሰምጣል፣ ባጃጁ የፊት ጎማውን ይነክርና ተሳፋሪው የአደባባዩን ፏፏቴ በቅርብ ያየዋል። በመስከረም ደግሞ የስልክ ሰዎች ይመጣሉ። በዓመቱ አደባባዩ የተጣፈ ቁምጣ ይመስላል።

መቀመጫውን እንየው። ሸዋሮቢት፣ ቀን ሰባት ሰዓት፣ የተወለወለ ጥቁር ግራናይት። ሊጥ ቢያፈሱበት ዓይን አውጥቶ ይበስላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ መቀመጫውን ትቶ በጥበቃው ቤት ጥላ ሥር ከርቭስቶን ላይ ተደርድሯል፤ ፀሐይዋ ስትዞር ሰልፉም አብሯት ይዞራል። ለጥላ ተብሎ የተተከለው ዘንባባ ነው፤ ጥላው ለአንድ ቀጭን ሰው ይበቃል፣ ያውም ካልተነቃነቀ። ማንጎ ቢተከል በሁለት በኩል ይጠቅም ነበር፤ «ቅጠሉ ያቆሽሻል» ተባለ። ያው ዘንባባ ደብረ ብርሃን ቢተከል ደግሞ የታኅሣሥ ውርጭ ለጥምቀት ቡናማ አድርጎ ያደርሰዋል፤ ያን ጊዜ ማዳበሪያ ከረጢት ያለብሱታል፣ ከሩቅ ሲያዩት ጋቢ የተከናነበ እንግዳ ነው።

ደረጃም አለ፤ ሰፊ፣ ለሙሽራ ፎቶ የሚሆን። ሽንኩርትና ማሾ በኩንታል የሚጭን አገር ላይ ደረጃ መሥራት ወዛደሩን መጥላት ነው። ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ዘንበል ያለ መወጣጫ (ራምፕ) ቢሠራ ጋሪውም፣ ዊልቼሩም፣ ልጅ ያዘለችውም ይወጡበት ነበር፤ ግን 12 ሜትሩን ሐውልቱ ወስዶታል። ሐውልቱ የምን ይሁን በሚለው ላይ ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል፣ ግማሹ ሽንኩርት፣ ግማሹ ማሾ። የማሾ ደጋፊዎች ፍሬዋ ሦስት ሜትር ሆና ስትቆም ከምን ትለያለች ተብለው «አረንጓዴ እንቀባታለን» ብለዋል።

መጸዳጃ ቤቱ ተሠርቷል። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፤ ዘበኛው ምሳ ላይ ነው። ከቦታቸው የተነሱት የጀበና ቡና ሻጭ በሦስተኛው ሳምንት ከሐውልቱ መደብ ጀርባ ረከቦታቸውን ዘርግተዋል። «እትዬ፣ እዚህ ተከልክሏል እኮ!» ይላቸዋል ደንብ አስከባሪው። «አውቃለሁ ልጄ፣ አንተም ቁጭ በል፣ አቦሉ ደርሷል» ይሉታል። ይቀመጣል። ባቡር ቢመጣም የሚጠብቁት እዚያ ነው።

በአጥሩ ላይ ዕቅዱን የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። በሥዕሉ ላይ ከሚራመዱት ሰዎች አንዱም ሻንጣ አልያዘም፣ ፌስታል አላንጠለጠለም፣ ዶሮ አልታቀፈም። የቆላ ፀሐይ መጀመሪያ የባቡሩን ቀይ ቀለም ትበላለች፣ ቀጥሎ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ ሰዎቹን። በሦስተኛው ዓመት ሸራው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከሥሩ በማርከር የተጻፈው የደላላው ስልክ ቁጥር ግን በየወሩ ስለሚታደስ ከሩቅ ይነበባል።