ካሴቱን ከመጣላችሁ በፊት አጫውቱት

«ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» እየተባለ፣ ቤት ሲጸዳ ቀድሞ የሚጣለው ካሴት ሆኗል። እኔ አልስማማም። ሙዚቃ ቤት የሸጠው የታዋቂ ዘፋኝ ሥራ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። ጎንደር፣ አዘዞ በተደገሰ ሠርግ ላይ አዝማሪው በማሲንቆ ሚዜዎቹን በየስማቸው ያወደሰበት ቅጂ ግን ሁለተኛ የለውም።

ያ ሠርግ እንዴት እንደተቀዳ ካሴቱ ራሱ ይናገራል። ከጀርባው ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች አሉት። እነሱ ከተሰበሩ የቴፑ መቅጃ ቁልፍ አልጫን ይላል። ባዶ ካሴት ሲጠፋ ታዲያ ከሙዚቃ ቤት የተገዛ የዘፋኝ ካሴት ይወሰድና፣ የተሰበረው ክዳን ቀዳዳ ላይ ወረቀት ይወተፍና ሠርጉ በዘፋኙ ላይ ይቀዳል። የአዝማሪው ግጥም፣ የእናቶች እልልታ፣ «ተቀበል!» የሚል የሞቀው ሰው ድምፅ ይሰማል። ድግሱ ሲያበቃ ደግሞ ያልተደመሰሰው ዘፋኝ ዘፈኑን ከመሃል ይቀጥላል። ይህን ስሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም።

በጥራት ካሴት ከዲጂታል አይበልጥም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ይህ ካሴት ክሩ 4 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ በሴኮንድም 5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው የሚሄደው። በክፍት ጥቅል የሚዞረው የሪል ቴፕ ክር ሰፊ ነው፣ በፍጥነትም ይሽከረከራል፤ ስለዚህ ድምፁ የጠራ ነው። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ደግሞ ከክሩ የሚሰማው የ«ሽሽ» ድምፅ በየቅጂው ይጨምራል። እኔ ግን ካሴትን የምወደው ስለሚያስቀምጠኝ ነው። የባለ 60 ደቂቃው ካሴት አንድ ገጽ 30 ደቂቃ ነው፤ ዘፈን መዝለል ስለሚያስቸግር ሰው ሙዚቃውን በተደረደረበት ቅደም ተከተል እስከ መጨረሻው ይሰማል። በስልክ ግማሽ ዘፈን ሳንጨርስ ወደ ሌላው የምንሮጥ ሰዎች ይህን አጥተነዋል።

የጎንደር ክረምት እርጥበቱ ለካሴት ክፉ ነው። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ከታየ ቴፕ ውስጥ አይከተት፤ ክሩን የሚያነበውን የቴፑን ክፍል፣ ሄዱን፣ ያበላሻል፣ ሌላውንም ካሴት ይበክላል። ንጹሕ ከሆነ መጀመሪያ በእስክሪብቶ ቀስ ብሎ ማጠንጠን፣ የቴፑን ሄድ በአልኮል በተነከረ ጥጥ መጥረግ ነው። ባለ 90 እና ባለ 120 ካሴት ክሩ ስስ ስለሆነ ቴፕ ቶሎ ይበላዋል፤ ለእነሱ ጥንቃቄው ይጨምር። ወደ ፍላሽ ማስገልበጡም ጥሩ ነው፤ ግን ፍላሹ ሲበላሽ እንደገና መገልበጥ የሚቻለው ካሴቱ ካለ ብቻ ነውና ከተገለበጠም በኋላ አይጣል።