ሱፐር ግሉ ከጠረጴዛው ይነሳ ወይስ ይቆይ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ «ለፕላስቲክ ሞዴል መኪና ሥራ ዋናው ማጣበቂያ የፕላስቲክ ሙጫ ነው፤ ሱፐር ግሉ ከጠረጴዛው ይነሳ።» ደጋፊው «ባለ ብሩሹ» በሚል ስም ጽፏል። ተቃዋሚው «ባለ ጠብታው» ነው፤ እሱ ከጽሑፉ ጋር የአንድ ሥራውን ፎቶም ልኳል። ሁለቱም በ1/24 እና በ1/25 መኪኖች (ርዝመታቸው ከእውነተኛው 24 ወይም 25 ጊዜ ያነሰ) ላይ ዓመታት የፈጁ ናቸው። ጽሑፎቹ በደረሱበት ቅደም ተከተል ቀርበዋል።

ባለ ብሩሹ

የፕላስቲክ ሙጫ እንለዋለን እንጂ ነገሩ ሟሟ ነው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ሞዴል አምራች በሚሸጠው ባለ አረንጓዴ ክዳን ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቡቲል አሴቴትና አሴቶን ነው። ሞዴሉ ከሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ከፖሊስታይሪን የሆኑትን ሁለት ክፍሎች ታጋጥማለህ። የብሩሹን ጫፍ መገጣጠሚያው ላይ ታስነካለህ። ፈሳሹ ስንጥቁን ተከትሎ በራሱ ይሮጣል፤ ዓይንህ እያየ መስመሩ ከዳር እዳር ይረጥባል። የሁለቱም ገጽ ይለሰልሳል፣ ይዋሃዳል፣ ሟሟው ተንኖ ይሄዳል። የሚቀርህ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። በማግስቱ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለህ። ልገንጥልህ ብትለው የሚሰበረው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ሱፐር ግሉ በሁለቱ መካከል የገባ ሦስተኛ ሰው ነው። ቀጥ አድርገህ ብትጎትተው ይችላል። ከጎን ነካ ስታደርገው ግን ቀጭ ብሎ ይለቃል። ስፖኪዮ በሱፐር ግሉ የለጠፈ ሰው የምለውን ያውቃል። መኪናውን ከመደርደሪያ ሲያወርድ እጅጌው ይነካዋል፣ ስፖኪዮዋ ምንጣፍ ውስጥ ትገባለች፣ ሰውየው በጉልበቱ ሲድህ ያመሻል።

መስታወቱስ? አንድ የስፖርት መኪና ሦስት ወር ፈጅቼ ሠራሁ። የቀረኝ የፊት መስታወቱ ብቻ ነበር። በአራቱ ማዕዘን አራት ጠብታ ሱፐር ግሉ አድርጌ፣ ቦዲውን ከሻንሲው ጋር ገጥሜ ተኛሁ። ጠዋት መኪናው ውስጥ ጉም ገብቷል። ተኑ መውጫ ሲያጣ ጥርት ባለው ፕላስቲክ ላይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። የባሰው ደግሞ የገዛ ጣቴ አሻራ ከውስጥ በኩል በነጭ ተጽፎ መገኘቱ ነው። የወንጀል መርማሪዎች አሻራ ለማውጣት ይህንኑ ተን ይጠቀማሉ። እኔ ወንጀለኛ እየፈለግኩ አልነበረም።

በአጭሩ፣ ሱፐር ግሉ የሚጠቀም ሰው ሞዴል አይሠራም። ይለጥፋል።

ባለ ጠብታው

«ይለጥፋል።» እሺ ወንድሜ። እንግዲህ ለጣፊው መልስ ይስጥ።

መጀመሪያ የናቅከውን ነገር እወቀው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሃሪ ኩቨር የተባለ ኬሚስት ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ ከዚህ ፈሳሽ ጋር ተገናኘ። የነካውን ሁሉ እየያዘ ስላስቸገረ ተተወ። ማጣበቂያ ተብሎ ገበያ የወጣው በ1958 ነው። ያኔ ያስጣለው ሁሉን መያዙ ነበር። እኔ የምወድለት ያንኑ ነው።

ያንተ ብሩሽስ ምን ይይዛል? ፖሊስታይሪን። ከዚያ ብዙም አያልፍም። ከሬዚን፣ በሻጋታ ከሚፈስ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ቦዲ ስጠው፣ እንደ ውኃ ይፈስበታል። ከነሐስ የተሠራ ስስ የራዲያተር ፍርግርግ ስጠው፣ ዝም ብሎ ይተናል። ክሮም የለበሰ ፓራውልት ስጠው፣ ክሮሙን በምላጭ ካልፋቅክለት ወይም ዕቃውን በረኪና ውስጥ ነክረህ ካላስለቀቅክለት ፕላስቲኩን አያገኘውም። ቀለም በተቀባ ዕቃ ላይማ ቀለሙን ራሱን ይበላብሃል።

«በማግስቱ» ያልከውንም አላለፍኩትም። ሁለት ግማሽ አጋጥም፣ በማግስቱ አለስልስ፣ ቀለም ቀባ፣ አድንቅ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ና። መስመሩ ከቀለሙ ሥር ተመልሶ መጥቷል። ሟሟው ገና እየወጣ ነበራ! እየወጣ ሲሄድ ፕላስቲኩ ይሰረጉዳል። ሱፐር ግሉ አይሰረጉድም። መስመሩን ሞላ አድርገው፣ ማድረቂያውን እርጨው፣ እዚያው ተቀምጠህ ሞርደው። ነገ እመለስበታለሁ አትበል ብቻ። ካደረ ከፕላስቲኩ ይጠነክራል፤ ስትሞርደው ጎንና ጎኑ ተበልቶ እሱ ጉብ ብሎ ይቀራል።

ስለ አሻራ ካነሳህ ደግሞ፣ ያንተም ሙጫ ያወጣል። ጣትህ ስንጥቁ ላይ ካረፈ ፈሳሹ ከጣትህ ሥር ሾልኮ ይገባል። ጣሪያው ላይ የአውራ ጣትህን ማኅተም ታገኘዋለህ፤ በጨርቅም አይጠረግ።

ሞተሩንማ በፈለግከው አጣብቀው። ኮፈኑ ከተዘጋ ማን ያየዋል?

ባለ ብሩሹ

«ኮፈኑ ከተዘጋ ማን ያየዋል?»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በእርግጥ ጽፎታል። በዚህ ስሌት የሻንሲውን ሆድ መቀባት አያስፈልግም፣ መኪናው አይገለበጥማ። የኋላ ወንበሩንም ተወው፣ የሚቀመጥበት የለም። መሪውም ይቅር፣ ማን ሊነዳው? ወዳጄ ቸርኬ ያለው ሳጥን ነው የሚፈልገው።

እኔ ኮፈን ሥር የማደርገውን ልንገርህ። የእውነተኛ መኪና የካንዴላ ካቦ ውፍረቱ ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ነው። ለ24 ስታካፍለው 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ 0.3 ሽቦ እፈልጋለሁ። ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ነው) አናት በወረንጦ ይዤ፣ በእጅ መሰርሰሪያ በ0.4 እየበሳሁ እቀመጣለሁ። ስምንት ሲሊንደር ከሆነ ዘጠኝ ቀዳዳ ነው፤ ስምንቱ ለካንዴላዎቹ፣ የመሐሉ ለኮይሉ። የመሐሉን መጀመሪያ ብሳው። ካልሆነ ዳሮቹ ተጠጋግተው ሲመጡ መሐሉ ይሰነጠቃል። ሦስት ዲስትሪቢዩተር በዚህ ሞቶብኛል። ከዚያ ካቦዎቹ በዘፈቀደ አይሄዱም። የሼቭሮሌ ስሞል ብሎክ ሞተር ከሆነ ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ቅደም ተከተል 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። የሚያውቅ ሰው ይቆጥርልሃል።

ኮፈኑ ይዘጋል፣ እውነት ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚነካው ነገር ምን ይመስልሃል?

በነገራችን ላይ ስለ መስታወቱ ጉም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ልብ በሉልኝ።

ባለ ጠብታው

ዘጠኝ ቀዳዳ። ወረንጦ። የሞቱ ዲስትሪቢዩተሮች። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። ካቦህ የመዳብ ሽቦ ነው። ያንተ ሟሟ መዳብ አያሟሟም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ነህ ያስረዳኸን። እና ካቦውን ከቀዳዳው ውስጥ በምን ያዝከው?

ባለ ብሩሹ

ትልቅ ነገር ወደ አንዲት ሽቦ አይወርድም። እኔ የምከራከረው አንድ ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ ይገባዋል በሚለው ላይ ነው። ሙጫው የዚያ ምልክት ነው። ጠብታ የለመደ እጅ ሌላውንም በጠብታ ይሠራዋል።

ማስረጃው የላከው ፎቶ ነው። ነጭ ሴዳን ነው። የበሮቹ መስመር፣ የኮፈኑ መስመር፣ የነዳጅ ክዳኑ ሳይቀር በድፍን ጥቁር ተሞልቷል። ሰዎች፣ ካርቱን ነው የሚመስለው! በእውነተኛ መኪና በሩና ቦዲው መካከል ያለው ክፍተት አራት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ለ24 አካፍለው፣ ከ0.2 ያነሰ ይሆናል። የፋብሪካው ቅርጽ ራሱ ከዚያ ይሰፋል። ሰፊውን መስመር በጥቁር ስትሞላው ጭራሽ ቦይ ይሆናል። ለነጭ መኪና ግራጫ ነው። ለቀይ ጠቆር ያለ ቡናማ። ጥቁር ለጥቁርና ለራዲያተር ፍርግርግ ይቀመጥ።

የመስታወቱ ጠርዝ ደግሞ በብር ቀለም ተስሏል። ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ሥራ ጀርባው ሙጫ ያለው ስስ ፎይል አለ። ከሚፈለገው ሰፋ አድርገህ ትቆርጠዋለህ፣ በጥጥ እያሸህ ታስተኛዋለህ፣ ጥጉን በስቴኪኒ ትጫነዋለህ። ከዚያ በአዲስ ምላጭ ጠርዙን ተከትለህ ትቆርጣለህ። አዲስ አልኩ። ባደረ ምላጭ ፎይሉ ይቀደዳል። ትርፉን ስትልጠው የሚቀረው መስመር እውነተኛ ብረት ነው።

ይህን ሁሉ «ማን ያየዋል» የሚል ሰው አይሠራውም።

ባለ ጠብታው

ከዚህ በኋላ እርስዎ ልበልዎት። እንዲህ የሚዘልፈኝን ሰው አንተ ማለት ይከብደኛል።

ያ ነጭ ሴዳን ከልጄ ጋር የሠራሁት ነው። መስመሩን የሞላችው እሷ ናት፤ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ምላሷን አውጥታ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሠራችው። ጥቁሩን የመረጠችው እሷ ናት። ፎቶውን የላክሁት ስለምወደው ነው። «ካርቱን» ያሉትን አላሳያትም።

ግራጫውን አውቀዋለሁ፣ አመሰግናለሁ። እርስዎ ያልጻፉትን እኔ ልጨምር። መስመር መሙያው ኢናሜል የሚባለው የቀለም ዓይነት ከሆነ ከሥሩ ያለው ቀለም ኢናሜል መሆን የለበትም። ወይ አክሪሊክ ይሁን፣ ወይ በቫርኒሽ ይሸፈን። አለዚያ ትርፉን በማቅጠኛ ሲጠርጉ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ጀማሪ የሚያለቅሰው እዚህ ጋ ነው እንጂ በካቦ ቁጥር አይደለም።

መስታወት የምለጥፈው በነጭ ኮላ ነው። ሲደርቅ ጥርት ይላል። ከተዝረከረከም ሳይደርቅ በእርጥብ ጥጥ ይነሳል። ይህን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለመሰለኝ አልጻፍኩትም ነበር።

እኔ የምለው አንድ ነው። ሞዴል መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከአንድ ሜትር የሚታይ ነገር ነው። ከዚያ ርቀት ላይ የሚታየው ቀለሙ፣ መስመሩ፣ ጎማዎቹ አራቱም መሬት መንካታቸው ነው። የሦስት ጎማ መኪና ስንቱን ቤት አይቻለሁ! የካንዴላ ቅደም ተከተሉ ልክ ነው፣ አንዱ ጎማ ግን አየር ላይ ነው። ሻንሲው ሙጫው ሳይደርቅ ተጣሞ። ሙጫው የትኛው እንደሆነ አልናገርም። በብሩሽ የሚቀባው ነው።

እርስዎ ስለ ጥንቃቄ ሲጽፉ ሦስት ገጽ ይሞላሉ። እኔ የጠየቅሁት አንድ መስመር ነው። ካቦውን በምን ያዙት?

ባለ ብሩሹ

ስለ ልጅቷ አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ። ግራጫውን ግን አባቷ ሊነግራት ይገባ ነበር።

የተጣመመ ሻንሲ የሙጫ ጥፋት አይደለም። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው፣ ጎማዎቹን ገጥመው ቀጥ ማለቱን እያዩ ያድርቁት። በሟሟ ማስተካከያ ደቂቃ አለዎት። በሱፐር ግሉ ጠማማ የያዘ ጠማማ እንደሆነ ይቀራል።

ካቦው በኢፖክሲ ነው የተያዘው። ባለ ሁለት ቱቦው፣ በአምስት ደቂቃ የሚይዘው። እኩል ለእኩል አዋህጄ፣ በመርፌ ጫፍ። አሁን ደስ አለዎት?

ባለ ጠብታው

ኢፖክሲ። በመርፌ ጫፍ። ለዘጠኝ ባለ 0.4 ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ ካቦ እስኪይዝ አምስት ደቂቃ በወረንጦ ተይዞ፣ በየሦስተኛው ካቦ አዲስ እየተዋሃደ።

ሊሆን ይችላል። ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል።

እስካሁን ፎቶ የላክሁት እኔ ብቻ ነኝ። እርስዎም ይላኩ። ኮፈኑን ይክፈቱና ዲስትሪቢዩተሩን ከላይ ያንሱልኝ፣ ከቅርብ፣ በደንብ ብርሃን ባለበት። ቅደም ተከተሉን አልቆጥርም። የማየው የቀዳዳዎቹን ዙሪያ ነው፤ ነጭ ጉም ነገር ይኖርበት እንደሆነ።