ሜዳው ላይ ያሉት መስቀሎች ቅጂዎች ናቸው
በአየርላንድ ስላለው ጥንታዊ ገዳም ስለ ክሎንማክኖይዝ የወጣው ጽሑፍ፣ ስለ ድንጋይ መስቀሎቹ «ሺህ ዓመት ዝናብና ነፋስ የቻሉት መስቀሎች ዛሬም ሜዳው ላይ ቆመዋል» ማለቱ ስህተት ነው። ሜዳው ላይ የሚታዩት በልካቸው የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው፤ ዋናዎቹ ድንጋዩ በአየሩ ጠባይ እንዳይበላ ወደ ጎብኚዎች ማዕከሉ ከገቡ ቆይተዋል። ጽሑፉን አምኖ የሄደ ሰው ቅጂውን ፎቶ አንሥቶ ዋናውን ሳያይ ቢመለስ አያስቆጭም? የቅዱሳት መጻሕፍት መስቀል የሚባለው አራት ሜትር ገደማ ይሆናል። በአንዱ ገጹ ስቅለት፣ በሌላው የመጨረሻው ፍርድ ተቀርጾበታል፤ ታች ደግሞ ሁለት ሰዎች አንድ ምሰሶ ተጋግዘው ሲተክሉ ይታያሉ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት እነሱን ነው። በጽሑፉ ሥር በተሰጡት አስተያየቶች «ታዲያ ቅጂ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ ምን አስኬደኝ?» ላሉት ወንድሜ፦ ቦታው እኮ መስቀል ብቻ አይደለም። ቅዱስ ኪራን በ6ኛው ክፍለ ዘመን በሻነን ወንዝ ዳር የመሠረተው ገዳም ነው፤ ክቡ ግንብ አለ፣ የመቃብር ድንጋዮቹ አሉ፣ የካቴድራሉ የሰሜን በርም አለ። በዚህ በር ቅስት አንድ ጎን በሹክሹክታ የተናገሩት ቃል በሌላው ጎን ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ልጆች ከያዙ ከዚያ ማላቀቅ አይቻልም። የአገሩ በጋ በሆነው በሐምሌም ቢሆን ግን ወፍራም ልብስ ይያዙ፤ የወንዙ ነፋስ ምሕረት የለውም።