አህያውን ፈርተን ዳውላውን

«ልጄን የበላብኝ ጌም ነው» አለችን ጎረቤቴ። ቡና አፍልታ ጠርታን ቶና ላይ ደርሰናል። ቤቱ ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበርን። «በምን አወቅሽ?» ያላት አንድም ሰው የለም። አንዷ «የሰይጣን ሥራ ነው» አለች። አንዱ «ፕሌይስቴሽን ቤቶቹን ማሸግ ነበር» አለ። ሌሎቻችን ከንፈር መጠጥን። ቡናው ቀጠለ።

ልጁ 15 ዓመቱ ነው፤ 9ኛ ክፍል። ጎበዝ ከሚባሉት ነበር። ዘንድሮ ውጤቱ አሽቆለቆለ። ከክፍል ላሽ ማለት ጀመረ። ሲፈለግ የሚገኘው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ፍርዱ በዚህ አለቀ።

እኔ በማግስቱ ሄድኩ። አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ። የጎረቤቴ ልጅ ግን አይጫወትም፤ ብር የለውም። ከስክሪኑ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ ሲጫወቱ ያያል። «ለምን እንዲህ ተጠጋህ?» አልኩት። «ከዚህ ካለፈ ይደበዝዝብኛል» አለኝ። «ሰሌዳውስ?» ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። «ሰሌዳ ማየት ካቆምኩ ቆየሁ። መምህሩ አንብብ ሲለኝ ልጆቹ ይስቁብኛል። ለዚህ ነው የማልገባው።»

የጎንደር ወላጆች፣ ይህን ስሙኝ። ልጁ የሚያስፈልገው መነጽር ነበር። እናቱ ወራት ሙሉ ጌሙን ረገመች። አባቱ ቀበቶ አነሳ። «ዓይንህን ያምሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የዓይን ክፍል እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታፈራ በኖረች ከተማ ልጃችን ሰሌዳ ስላልታየው ተገረፈ።

አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። አህያውን መምታት የፈራ ሰው ዳውላውን ይመታል። እኛ ዛሬ እንዲሁ ነን። የሚከብደውን ነገር ፊት ለፊት መጠየቅ ፈርተን በማይናገር ዕቃ ላይ እንጮኻለን።

ጌም ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የጌም ሱሰኝነትን በበሽታዎች መዝገቡ አስፍሯል። ግን ምን እንዳለ አንብቡ። ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙን ከሌላው ሕይወቱ ሲያስቀድም፣ እየጎዳው እንኳ መተው ሲሳነው፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ያህል ሲቆይ ነው በሽታ የሚለው። ከትምህርት መልስ ሁለት ዙር ኳስ የተጫወተን ልጅ አላለም።

ጌምን መክሰስ ፈረንጁም ዘንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ኮሎምባይን ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች ጓደኞቻቸውን ሲገድሉ፣ «ዱም» የሚባል የተኩስ ጌም ይጫወቱ ነበር ተብሎ ጣቱ ሁሉ ወደ ጌሙ ዞረ። በኋላ ካሊፎርኒያ ዓመፅ ያለበት ጌም ለልጆች እንዳይሸጥ ሕግ አወጣች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዳኞቹ በሰባት ለሁለት ድምፅ ሕጉን ሻሩት። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም በ2020 ለግድያና ለመሰል ዓመፅ ጌምን ተጠያቂ ማድረግ በጥናት የሚደገፍ አይደለም ብሏል። ጃፓንና ደቡብ ኮሪያም አሉላችሁ። ሕዝባቸው ሌት ተቀን ጌም ይጫወታል፤ ሰው ግን እንደ አሜሪካ አይገዳደልም።

እኛ ሩቅ መሄድ እንኳ አያስፈልገንም። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የሞባይል ዳታ ተዘጋብን። ወራት ቆየ። ኦንላይን ጌም የለም፤ ቲክቶክ የለም። ታዲያ ልጆቻችን መጽሐፍ ላይ ተደፉ? የተኮራረፉ አባትና ልጅ ታረቁ? እናንተ ታውቁታላችሁ። እነዚህ ልጆች በኮሮና ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የተኩስ ድምፅ ሰምተው የተኙ ናቸው። ዝም ያለ ልጅ ስታዩ ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት እሱን አስቡ።

ሌላም አለ፤ ይኸኛው ከውጭ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛውን ጠባይ በፈተና እንለካለን ማለት ጀምረዋል። የእህቴ ልጅ የምትሠራበት ድርጅት ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ስልኩ ላይ አንድ መጠይቅ ሙላ ተባለ። በእንግሊዝኛ ነው። ግማሹ በግምት ሞላው። ከዚያ ለእያንዳንዱ አራት ፊደል ተሰጠው። እሷ «ኢንትሮቨርት» ነሽ፣ ማለትም ከሰው ይልቅ ብቻሽን መሆን ትመርጫለሽ ተባለች። ከእንግዳ መቀበያው ተነሥታ ጓዳ፣ ፋይል ክፍል ገባች። ሁለት ዓመት ሙሉ ባለጉዳይ በስሟ እየጠራ ሲገባ የኖረች ልጅ ናት።

«ስብሰባ ላይ ቀድመሽ ሐሳብ ትሰጫለሽ?» የሚል ጥያቄ ነበረው። «አልሰጥም» ብላለች። እንዴት ትስጥ? ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አፉን አይከፍትም ተብላ ነው ያደገችው። እኛው ነን እንዲያ ያሳደግናት። አስተዳደጓን መለሰች፤ እነሱ ጠባይዋ ነው ብለው ጻፉት።

የዚህ ፈተና ታዋቂው «ማየርስ ብሪግስ» ይባላል። ያዘጋጁት ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ናቸው። ሁለቱም የሥነ ልቦና ትምህርት አልነበራቸውም። መነሻቸው ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ያሳተመው ሐሳብ ነው። የሰውን ልጅ ሁሉ በ16 ቅርጫት ይከፍለዋል። ብዙ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሲሞላው ሌላ ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል። አሳታሚው ራሱ ሰው ለመቅጠር አትጠቀሙበት ይላል። ባለቤቱ አትጠቀሙ ያለውን እኛ ምን ቤት ነን?

ድሮ ለጋብቻ ሲታሰብ የልጅቷን ስምና የእናቷን ስም ፊደል ደምሮ፣ በ12 ገድፎ ኮከቧን የሚነግር ሰው ነበር። ኮከባቸው አይገጥምም እየተባለ ስንት የሚዋደድ ሰው ተለያየ። ያንን ትተናል እያልን በአራት ፊደል ሰውን ከወንበሩ ማንሣት ምን ይባላል? አለቆች ሆይ፣ ሠራተኛችሁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ወርዳችሁ አብራችሁት ዋሉ። ባለጉዳይ ሲያስተናግድ እዩት። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ እናንተም የምትሸሹት ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን ሲስተም ነው። «ሲስተም የለም።» «ሲስተሙ አይቀበልም።» «ሲስተሙ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ?» በቀን ስንት ጊዜ ትሰሙታላችሁ?

ባለፈው ሳምንት ለራሴ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከቆላድባ ነው የመጡት። ጋቢ ለብሰዋል፤ መታወቂያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘዋል። ስማቸው በ«ፀ» ይጀምራል። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ መዝገብ ላይ በ«ቲ» ገብቷል፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ»። ልጅቷ ስክሪኑን እያየች «አባባ፣ አይመሳሰልም። ሲስተሙ አይቀበልም» አለቻቸው። ቀና ብላ አላየቻቸውም። እሳቸው መስኮቱን ይዘው «ልጄ፣ እኔው ነኝ እኮ። እዚህ ቆሜያለሁ» አሉ። «ይገባኛል አባባ፤ ሲስተሙ ግን...» አለችና ቀጣዩን ጠራች። ቀጣዩ እኔ ነበርኩ። ምንም ሳልል ወረቀቴን ዘረጋሁ። እስካሁን ይከነክነኛል።

«ፀ»ን በ«ቲ» የጻፈው ሰው ነው። በ«ኤስ» የጻፈውም ሰው ነው። እነዚያ ሁለት ሰዎች የሠሩትን ሦስተኛዋ ሰው ልታስተካክለው ትችላለች፤ ካልቻለች ወደ አለቃዋ ትሄዳለች። ሶፍትዌር ሰው የጻፈው ነገር ነው፤ ሰው ደግሞ ይሳሳታል።

ማሽኑን ያላንዳች ጥያቄ ማመን ምን እንደሚያመጣ እንግሊዞቹ አይተውታል። ፖስታ ቤታቸው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ «ሆራይዘን» የሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር አስገባ። ሶፍትዌሩ በየቅርንጫፉ ገንዘብ ጎደለ ማለት ጀመረ። ቅርንጫፎቹን የሚያስተዳድሩት ተራ ሰዎች ናቸው፤ ባለሱቆች፣ እናቶች። «አልወሰድንም» አሉ። «ሲስተሙ አይሳሳትም» ተባሉ። እርዳታ ፍለጋ ሲደውሉ ብዙዎቹ «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ» ይባሉ ነበር። ከ900 በላይ ሰዎች በሌብነትና በማጭበርበር ተፈረደባቸው። አንዷ ነፍሰ ጡር ሆና እስር ቤት ገብታለች። ቤታቸውን ሸጠው ያልወሰዱትን የከፈሉ አሉ። ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። ስህተቱ የሶፍትዌሩ እንደሆነ ፍርድ ቤት ያረጋገጠው በ2019 ነው። ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ በሕግ የሻረው ደግሞ በ2024።

ይህን ሳነብ የእኛ የድሮ ችሎት ትዝ አለኝ። በላ ልበልሃ ስንል ከሳሽ ይቆማል፣ ተከሳሽ ይቆማል፤ ሁለቱም ይናገራሉ፤ ዳኛው ፊታቸውን እያየ ይሰማል። ደሃውም ለመናገር ተራ አለው። ያ ሽማግሌ ግን መስኮቱ ላይ ቆመው የመናገር ተራ አላገኙም።

በሌላ በኩል ደግሞ ሲስተሙ ሲጠቅመን ዝም የምንል እኛው ነን። አርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ለቅዳሜ አጥቢያ የንግድ ባንክ ሲስተም ሲዛባ፣ ሰው በየኤቲኤሙ ተሰልፎ ሒሳቡ ውስጥ የሌለውን ብር ሲያወጣ አደረ። «ሲስተሙ ነው የሰጠኝ» አልን። ጉዳት ሲሆን ሲስተሙ፣ ጥቅም ሲሆንም ሲስተሙ። የእኛ እጅ የት ሄደ? ካርዱን የከተተው፣ ቁጥሩን የነካው ማን ነበር?

እናንተ በየመስኮቱ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ደመወዛችሁ ትንሽ፣ ሰልፋችሁ ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ኔትወርክም እውነት ይጠፋል። ያን ጊዜ እንኳ መቼ እንደሚመለስ ጠይቃችሁ ንገሩን። ሥራ ሲበዛባችሁ «አልችልም» በሉ፤ እንረዳችኋለን። አለቃ ፈርታችሁ እንደሆነም ንገሩን፤ እኛ አብረን እንገባለን። «ሲስተሙ» ብላችሁ ዓይናችሁን ከሰው ላይ አታንሡ።

ሽማግሌው የዚያን ቀን በመጨረሻው መኪና ወደ ቆላድባ ተመለሱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ከቀበሌያቸው ደብዳቤ አጽፈው፣ ሁለት ምስክር ይዘው ማክሰኞ እንደሚመለሱ ነግረውኛል። እኔም እገኛለሁ ብያቸዋለሁ። ያቺ መስኮት ላይ የምትሠሪው እህቴ፣ ማክሰኞ ነገ ነው።